ጠባቂው በምን ይመዘን?

በወላይታ ዞን የዳሞት ሶሬ ወረዳ መቀመጫ የሆነችውን ጉኑኖን የአፈር ተመራማሪዎች በደንብ ያውቋታል፤ በ1970ዎቹ አጋማሽ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቁሞባታልና። አካባቢው ሰው የበዛበት፣ መሬት የጠበበበት ነው፤ የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ብዙ ጊዜ ግማሽ ሄክታር አይሞላም። መሬት በጠበበበት አገር ጉልበት በሌለው ሰው ድርሻ ላይ የጎረቤትም የወራሽም ዓይን ያርፋል። ባሏ የሞተባት አሮጊት፣ ዓይነ ስውር ጎልማሳ፣ የአእምሮ ሕመም ያለበት ወንድም፣ እግሩ ያበጠ ገበሬ፣ ሁሉም ሕፃናት አይደሉም፤ ነገር ግን የሚበድላቸው ሰው ሲመጣ በራሳቸው አቅም መመለስ ይቸግራቸዋል። በደሉም ዱላ ብቻ አይደለም። ምግብ መንፈግ፣ መድኃኒት መከልከል፣ አስሮ ማስቀመጥ፣ ያላነበቡት ወረቀት ላይ ጣት ማስነካት፣ የእርዳታ ገንዘብ በውክልና ተቀብሎ ማስቀረት፣ ይህ ሁሉ በደል ነው። እዚህ የምናስተዋውቀው እንዲህ ያሉ አዋቂዎችን እንዲጠብቅ መንግሥትም በጎ አድራጎት ድርጅትም የሚያሰማራውን የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ነው። ሠራተኛው ብቁ የሚሆነው በያዘው ወረቀት ነው የሚለው እምነት ሰፊ ነው። እኔ ግን ከወረቀቱ ይልቅ የሚያበቃው ከላዩ ያለው ክትትልና ከውጭ የሚመጣው ተጠያቂነት ነው እላለሁ።

ሕጉ ባዶ አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ወላጅ አልባ ሕፃናትን እንዲረዳ ያዝዛል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 16 ከብዝበዛና ከጥቃት መጠበቅን ይደነግጋል፤ አካል ጉዳተኞችን የሚያገለግሉ ተቋማትና ፕሮግራሞች በገለልተኛ አካል እንዲታዩም ያስገድዳል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አእምሮው የታወከን ወይም መከላከል የማይችልን ሰው በወሲብ የሚያጠቃን በአንቀጽ 623፣ በሆስፒታል ወይም በእንክብካቤ ሥር ያለን ሰው የሚያጠቃን ደግሞ በአንቀጽ 624 ይቀጣል። የ2007ቱ ብሔራዊ የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲም አለ። ጥያቄው አንቀጹ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ወጥቶ ጉኑኖ አጠገብ ካለ ጎጆ በር የሚደርሰው በማን እግር ነው የሚለው ነው። ስለ ጥበቃ ሲነሳ ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን እንደሚያኖረው መቄዶንያ ያለ ትልቅ ማዕከል ነው፤ ግቢ፣ አልጋ፣ ወጥ ቤት። በወላይታ ገጠር ግን ለጥቃት የተጋለጠው አዋቂ የሚኖረው ማዕከል ውስጥ አይደለም፤ እቤቱ ነው፣ ብዙ ጊዜም ከበዳዩ ጋር። ስለዚህ የክፍሉን ስፋትና የአልጋውን ብዛት የሚለካ መስፈርት ለእሱ አንዳች አይፈይድለትም። የሚፈይድለት በሩን ለሚያንኳኳው ሰው የወጣ መስፈርት ነው።

እንግዲህ ያ ሰው ምን ተምሮ ይምጣ? በአገራችን የሶሻል ወርክ ትምህርት ታሪኩ የተቆራረጠ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተከፈተው ትምህርት ቤት ከአብዮቱ በኋላ ተዘግቶ ለ30 ዓመት ያህል ቆይቷል፤ እንደገና የተከፈተው በ1990ዎቹ ማብቂያ ገደማ ነው። አንድ ትውልድ ሙሉ ባለሙያ አልወጣም ማለት ነው። ይህን ጉድለት ይዘን በየቀበሌው ባለ ዲግሪ ይመደብ ብንል ቦታው ባዶውን ይቀራል፤ ወይም ዲግሪው አለኝ የሚል ማንም ይሞላዋል። ሌላ መንገድ መኖሩን ግን የገዛ አገራችን ልምድ ያሳያል። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር 10ኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶችን አንድ ዓመት አሠልጥኖ በየቀበሌው 2 እየመደበ ነበር። በጉራጌው ሶዶ ወረዳና በአጎራባቾቹ (ወላይታ ሶዶ አይደለም) የተደረገው ጥናት ደግሞ ለጉዳያችን ይበልጥ ይቀርባል። እዚያ 10ኛ ክፍል የጨረሱ የአካባቢው ሰዎች ለ5 ሳምንት ሠልጥነው ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውን ሰዎች በየቤታቸው እየሄዱ አገዙ፤ በ12 ወር ውስጥ የሕሙማኑ የዕለት ተዕለት አቅም የጤና ጣቢያ ሕክምና ብቻ ካገኙት በተሻለ ተሻሻለ። ሠራተኞቹ ተሠልጥነው የተለቀቁ አልነበሩም፤ እየተጠሩ ሥራቸው የሚገመገምላቸው፣ ሲጨንቃቸው የሚያማክሩት ሰው ያላቸው ነበሩ። መቀመጫውን ወላይታ ሶዶ ያደረገው የሞሲ ፉት ማኅበርም በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣውን የእግር እብጠት ሲያክም፣ ከታከሙት መካከል እየመረጠ ሌሎችን የሚያግዙ ሠራተኞች አድርጓል። ከማኅበረሰቡ ተገልሎ፣ ጋብቻ ተከልክሎ የኖረ ሰው ስለ መገለል የሚያውቀው በየትኛውም ፈተና አይለካም።

ወረቀት ብቻውን እንደማይበቃ የሚያሳየው ማስረጃ ከውጭም ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በማኅበረሰብ ውስጥ ከሚኖሩ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ከ6 ሰዎች 1 ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ በደል ደርሶበታል፤ በእንክብካቤ ተቋማት ደግሞ ከ3 ሠራተኞች 2ቱ በአንድ ዓመት ውስጥ በደል መፈጸማቸውን ራሳቸው አምነዋል። እነዚህ ሠራተኞች ብዙዎቹ ሥልጠና ያገኙ ናቸው። እንግሊዝ ውስጥ ዊንተርቦርን ቪው የሚባል ፈቃድ ያለው፣ ተቆጣጣሪም የነበረው ሆስፒታል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የቢቢሲ ድብቅ ካሜራ ሠራተኞቹ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ሕሙማን ሲደበድቡ አሳየ፤ 11 ሰዎች ጥፋተኛ ሆኑ፣ 6ቱ ታሰሩ። ቀድሞ አንድ ነርስ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አመልክቶ ነበር፤ የሰማው አልነበረም። ከዚህ ተነስቶ መስፈርት ዋጋ የለውም የሚል አለ። የወደቀው ግን መስፈርቱ ሳይሆን አቤቱታ የሚሰማበት ጆሮ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የእንግሊዝ የእንክብካቤ ሕግም የአካባቢው አስተዳደር ጥርጣሬ ሲኖረው የመመርመር ግዴታ ጣለበት። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣችው የአዋቂዎች ጥበቃ ደንብ አስቸኳይ ጉዳይ በ24 ሰዓት፣ ሌላው በ7 ቀን ውስጥ ምላሽ እንዲያገኝ ወሰነች። ሰዓት መቁረጥ ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም የዘገየውን ለመጠየቅ ሌላ መነሻ የለም።

በጉኑኖ ትልቁ ተቃውሞ ግን ከዚህ ሁሉ አይመጣም፤ ከባህል ነው የሚመጣው። ጪማ የሚባሉት የአገር ሽማግሌዎች አሉ፣ ዕድር አለ፣ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ቤተሰብን የሚመረምር ሠራተኛ ምን ያደርጋል ይባላል። ተቃውሞው እውነት አለው። ሽማግሌዎቹ የድንበርና የውርስ ጠብ ፍርድ ቤት ከሚፈጀው ጊዜ ባነሰ ይፈታሉ፣ ቋንቋውንም ነገሩንም ያውቃሉ። ይሁን እንጂ ሽምግልና ሁለት ወገን ቆሞ የሚናገርበት መድረክ ነው፤ ከአልጋ የማይነሳው ሰው፣ መናገር የማይችለው፣ ቢናገር ማታ ምግብ የሚነፍጉት ሰው አንደኛው ወገን ሆኖ አይቀርብም። በዳዩ ወንድም ሸንጎው ላይ የሁለቱም አፍ ይሆናል። ስለዚህ መስፈርቱ ሠራተኛው አቤቱታ አቅራቢውን ለብቻው፣ በወላይትኛ፣ ሴት ከሆነች በሴት ሠራተኛ እንዲያነጋግር፤ የዘመዱን ጉዳይ እንዳይዝ፤ ወንጀል የሆነውን ለፖሊስ ሳያሳውቅ ለእርቅ ብቻ እንዳይተው ሊያስገድደው ይገባል። አዋቂ ሰው ልጅ አይደለምና፣ ካልተስማማ በቀር ስለ እሱ የሚወሰን ነገር እንዳይኖር ጭምር። የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው እንኳ አልፈልግም ሲል የሚሰማበት መንገድ መቀመጥ አለበት፤ ጥበቃ ሌላ እስር እንዳይሆን።

ሁለተኛው ተቃውሞ የገንዘብ ነው፤ መስፈርት ከበዛ በጎ አድራጊዎች ይዘጋሉ የሚል። ግድግዳና አልጋ የሚቆጥር መስፈርት በእርግጥ ይዘጋል። ክትትል ግን ከሕንፃ ይረክሳል። አንድ ልምድ ያለው ሰው በሳምንት አንድ ቀን የ8 ወይም የ10 ቀበሌ ሠራተኞችን መዝገብ ቢያይ፣ ከመካከላቸው ጥቂት ቤት ራሱ ሄዶ ቢጠይቅ፣ በዲግሪ ከሚወጣው ብዙ ይበልጣል። ቅጥር ላይም የወንጀል መዝገብ መመርመር፣ የቀድሞ አሠሪን መጠየቅ ወጪው ትንሽ ነው። ሠርተው ማደር ለማይችሉ ድሆች የሚሰጠውን የሴፍቲኔት ቀጥተኛ ድጋፍ ከሚያገኙት ውስጥ ገንዘቡን ራሳቸው የማይቀበሉትን መለየትም ከነባሩ መዝገብ የሚጀመር ሥራ ነው።

የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. ሲመሠረት ዋና የአስተዳደር መቀመጫው ወላይታ ሶዶ ሆነ፤ የክልሉ አስተዳደር ከጉኑኖ ሩቅ አይደለም። የጥበቃውን ደንብ የሚጽፉት ከትምህርት ማስረጃ ዝርዝር ሳይሆን ከክትትሉ ይጀምሩ፤ ለእያንዳንዱ የቀበሌ ሠራተኛ ሥራውን የሚያውቅ፣ የአስተዳደር አለቃው ያልሆነ አንድ ተቆጣጣሪ ይመደብ፤ ተበዳዩ በቀጥታ አቤት የሚልበት ቦታም ከቀበሌው ውጭ ይሁን።