«ፈስ» እና አቻዎቹ

ከላሊበላ ወደ አሸተን ማርያም ሽቅብ የሚወጣ መንገደኛ፣ በተለይም በጾም ወራት ሽሮና ባቄላ በልቶ ከተነሣ፣ በመንገድ ላይ ሆዱን ሊነፋው ይችላል። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ በአንጀት ውስጥ የታመቀው አየር ይሰፋል። ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች ይህንኑ በኮሎራዶ ተራሮች አስተውለው፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ለነገሩ ቀልድ ያልተለየው የሕክምና ስያሜ ሰጥተውታል። ስያሜው «ፍላተስ» የሚለውን የላቲን ቃል ይዟል፤ ትርጉሙ «መንፋት፣ እፍታ» ማለት ነው። ይህን በአማርኛ ምን እንበለው?

«ፈስ» ጥንታዊ ሴማዊ ቃል ነው። ዐረብኛ «ፈሳ» የሚለው ድምፅ ሳይሰማ የሚወጣውን ነው፤ ድምፅ ላለው «ደረጠ» የሚል ሌላ ግሥ አለው፤ የዚህኛው ዘመድ በአካድኛ «ጸራቱ» ሆኖ ይገኛል። የሚያስደንቀው፣ የሕንድና የአውሮፓ ቋንቋዎችም ከጥንት ጀምሮ ሁለት ሥሮች ለይተው መያዛቸው ነው፤ ሩስኛ ዛሬም ባለ ድምፁን «ፔርዴት»፣ ድምፅ አልባውን «ብዝዴት» ይላል። እንግሊዝኛ የተለመደ ግሡን ያገኘው ከባለ ድምፁ ሥር ሲሆን፣ አማርኛ ደግሞ የድምፅ አልባውን ሥር ለሁለቱም አዋለው።

ይህ ልዩነት ለተርጓሚ ወጥመድ አለው። ጄምስ ስኮት እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት መጽሐፍ መግቢያ ላይ የኢትዮጵያ ምሳሌያዊ አነጋገር ተብሎ በእንግሊዝኛ የሰፈረ አለ፤ ታላቅ ጌታ ሲያልፍ ብልሁ ገበሬ አጎንብሶ እጅ እየነሣ በዝምታ ይፈሳል የሚል ነው። ወደ አማርኛ የሚመልሰው ሰው በሥርወ ቃሉ ተማምኖ «ፈሳ» ብቻ ቢል፣ የቀልዱ ፍሬ የሆነው ዝምታ ይጠፋል። የዛሬው ተናጋሪ በ«ፈሳ» ውስጥ ዝምታ አይሰማምና «ድምፅ ሳያሰማ» ብሎ መጨመር ግድ ነው።

«ጋዝ» የሚለውን አንደግፍም። ቃሉን በ17ኛው መቶ ዓመት ቫን ሄልሞንት ከግሪኩ «ካኦስ» ፈጠረው፤ በአገራችን ግን ጋዝ ማለት ለብዙው ሰው በፋኖስ የሚነደው ላምባ፣ ወይም ምግብ የሚበስልበት ምድጃ ነው። ነገሩ የአነጋገር ውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሆዱን የተቀደደ በሽተኛ አንጀቱ ሥራ መጀመሩ ከሚታወቅባቸው ምልክቶች አንዱ ይኸው ነው። አንድ የላስታ አረጋዊ «ጋዝ ወጥቶልዎታል ወይ?» ቢባሉ ግራ ይጋባሉ፤ «አየር» ቢባሉም ግሳት አየር ነውና «አዎን» ይላሉ። ያ «አዎን» ሐኪሙን ያሳስታል።

ስለዚህ በአንጀት ውስጥ ላለው «የአንጀት አየር» እንዲባል እናቀርባለን፤ ሕዝቡ «ሆዴን ነፋኝ» እያለ በግሥ ይናገረዋል እንጂ የተለየ ስም አላወጣለትምና። ለሚወጣው ግን «ፈስ» ይጻፍ። ነውር ነው የሚሉ ባልደረቦች አሉን፤ ሽማግሌዎች በሸንጎ «ፈስ ያለበት ዝላይ አይችልም» ሲሉ ማንም አይሸማቀቅም። ጠያቂው አስታማሚ ከፊቱ «ይቅርታ ያድርጉልኝና» ይበልበት።