ኪሎ ሜትር ብቻውን የማይዳኘው ዝናብ

ወላይታ ሶዶ በግርጌው የተቀመጠችበት የዳሞታ ተራራ ከፍታው 3,000 ሜትር ይጠጋል። ከከተማዋ በስተደቡብ የሁምቦን ቆላ አቋርጦ የወረደ ደግሞ አባያ ሐይቅ ይደርሳል፤ የሐይቁ ከፍታ 1,200 ሜትር ገደማ ነው። ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ እንዲህ ተጠጋግተው የሚኖሩበት አገር የዝናብ ካርታ ሠሪን ይፈትናል።

የዝናብ መለኪያ ያለው በጥቂት ቦታዎች ነው፤ የቀሩት ቀበሌዎች ዝናብ ይገመታል። የታወቀው የግምት ስልት ክሪጊንግ ይባላል። ስያሜው እ.ኤ.አ. በ1951 በደቡብ አፍሪካ የወርቅ ክምችት ግምት ላይ ከጻፈው መሐንዲስ ዳኒ ክሪጅ የመጣ ሲሆን፣ በ1960ዎቹ የሒሳብ መሠረቱን ያስያዘው ፈረንሳዊው ዦርዥ ማተሮን ነው። ስልቱ ለቅርብ የመለኪያ ጣቢያ ብዙ፣ ለሩቅ ጣቢያ ጥቂት ክብደት ይሰጣል። የጣቢያዎቹ ዝናብ ዝምድና በርቀት ምን ያህል እንደሚላላ የሚወስነውም አንድ ሕግ ነው።

ይህ ሕግ በሁሉም ስፍራ እኩል ይሠራል ብሎ መነሣት ግን ያሳስታል። ሜዳ ላይ 20 ኪሎ ሜትር የተራራቁ ጣቢያዎች ዝናባቸው ሊቀራረብ ይችላል፤ ከዳሞታ ቁልቁል ያው 20 ኪሎ ሜትር ከደጋ ቆላ ያደርሳል። የሚለያየው አማካዩ ብቻ ቢሆን ከፍታን በስሌቱ ማስገባት በበቃ ነበር። እዚህ ግን ዝምድናው ራሱ ከቦታ ቦታ ይለዋወጣል። ባለሙያዎች ወጥነት የሌለው የቦታ መረጃ የሚሉት ይህን ነው።

ፖል ሳምፕሰንና ፒተር ጉቶርፕ እ.ኤ.አ. በ1992 ያቀረቡት መላ ካርታውን እንደ ሊጥ ይለጥጠዋል፦ የማይመሳሰሉት ስፍራዎች ይራራቃሉ፣ የሚመሳሰሉት ይቀራረባሉ፣ ከዚያ የተለመደው ሕግ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2011 በፊን ሊንድግረን፣ በሆቫርድ ሩዌና በዮሃን ሊንድስትሮም የቀረበው ስልት ደግሞ አካባቢውን በትናንሽ ሦስት ማዕዘኖች ከፍሎ፣ ሕጉ በየስፍራው እንዲለያይ ይፈቅዳል፤ ስሌቱም ፈጣን ነው።

ሌላው መንገድ ሳተላይትን መጠቀም ነው፤ በአገራችን የሜትዎሮሎጂ መሥሪያ ቤቱ፣ ዶክተር ቱፋ ዲንቁ በመሩት ኢናክትስ በተባለ ሥራ፣ የጣቢያ ልኬትን ከሳተላይት ግምት ጋር አዋህዷል። ሙቀት የሚለካው ሳተላይት የደመናን አናት ስለሚያይ፣ ተራራ ላይ ከዝቅተኛ ደመና የሚወርደው ዝናብ ያመልጠዋል። የሚያርመው መሬት ላይ ያለው መለኪያ ነው።

ረቂቅ ስልትም ቢሆን የጣቢያን እጥረት አያካክስም፤ ሕጉ በየስፍራው በተለያየ ቁጥር የሚፈልገው ልኬትም ይበዛል። ስለዚህ በዝናብ ካርታ ተመርታችሁ ገበሬውን የምትመክሩ የግብርና ባለሙያዎች፣ ከካርታው ጋር የስሕተት መጠኑንም ጠይቁ። በተለይ ለተዳፋቱ ቀበሌዎች ያለ እሱ ምክር አትስጡ።