ንዕማን መቼ ነው ዝቅ ያለው?

እኛ አማኞች ትሕትናን መናገር እናውቅበታለን። «እኔ ምንም አይደለሁም፣ ሁሉ የጌታ ነው» እንላለን፤ ሰው ሊያመሰግነን ሲነሣ አንገታችንን እንደፋለን። መልካም ነው። ያው አንገት ቤት ሲገባስ?

አንድ ቅዳሜ ለእሑድ እንግዶች ስንዘጋጅ ለአስቤዛ ያስቀመጥሁት ገንዘብ ጠፋብኝ። በቤት ሥራ የምታግዘኝን ልጅ ጠርቼ ጠየቅኋት። «አላየሁም» አለች። ደግሜ ጠየቅኋት፤ ሦስተኛው ግን ጥያቄ አልነበረም። እያለቀሰች ወደ ጓዳ ገባች። ማታ ለሴቶች ኅብረት ትምህርት ለመዘጋጀት መጽሐፍ ቅዱሴን ስከፍት፣ ገንዘቡ በሽፋኑ ኪስ ውስጥ ነበር። ያስቀመጥሁት እኔው ራሴ ነኝ።

የማስተምረው ክፍል ደግሞ 2ኛ ነገሥት 5 ነበር (ጌታ አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋል)። የሶርያው የጦር አለቃ ንዕማን ከለምጹ ለመንጻት 10 መክሊት ብር፣ 6,000 ወርቅና 10 መለወጫ ልብስ ይዞ መጣ። ኤልሳዕ ግን ወጥቶ እንኳ ሳያየው፣ ዮርዳኖስ ወርዶ ሰባት ጊዜ እንዲታጠብ መልእክተኛ ላከበት። ንዕማን ተቆጣ፤ የአገሩን ወንዞች አባናንና ፋርፋን አስታውሶ ፊቱን አዞረ።

ንዕማን ዝቅ ያለው ወንዙ ውስጥ ሲገባ ነው ብዬ አስተምር ነበር። ያን ማታ ግን ዓይኔ ቁጥር 13 ላይ ቀረ። ከንዴቱ የመለሱት አገልጋዮቹ ናቸው። ስለ ነቢዩም መጀመሪያ የተሰማው ሚስቱን ከምታገለግል ምርኮኛ ልጅ አፍ ነው። ያ ሁሉ ሰው የሚፈራው አለቃ፣ የገዛ አገልጋዮቹ ሲያርሙት ሰማቸው። ወንዙ ከዚያ በኋላ መጣ። ሥጋው እንደ ትንሽ ልጅ ሥጋ ሆነ ሲል፣ በዕብራይስጡ «ትንሽ» የሚለው ቃል ያችን ምርኮኛ ልጅ የገለጸው ቃል ነው። ነቢዩ ወደ እርሱ እንዲወጣ ይጠብቅ የነበረው ሰው ተመልሶ በኤልሳዕ ፊት ቆመ፤ ራሱንም ባሪያ ብሎ ጠራ። የተለወጠው ቆዳው ብቻ አልነበረም።

መጽሐፉን አስቀምጬ ወደ ጓዳ ሄድሁ። «አስቀይሜሽ ከሆነ ይቅርታ» አልኋት።

«ከሆነ»! ባለትዳሮች ይህችን ቃል ታውቋታላችሁ። ባለቤቴ እንዲያ ብሎ ይቅርታ ቢጠይቀኝ አልቀበለውም ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ እንደገና ጀመርሁ፦ «ገንዘቡ እኔው ጋ ነው የተገኘው። እንደ ሌባ ቆጠርሁሽ። በድዬሻለሁ፣ ይቅር በይኝ።»

ብዙ ዝም አለች። ከዚያ መሬት መሬት እያየች፣ «እትዬ፣ ጋሼና ልጆቹ እየሰሙ ነው እኮ የተናገሩኝ» አለችኝ።

እውነቷን ነው። እሑድ ጠዋት ከቁርስ በፊት ሁሉንም ሳሎን ጠራኋቸው።