ባለ እግሩ ሲንጀር

ባለ እግሩ የሲንጀር የልብስ ስፌት መኪና ጉልበቱን የሚያገኘው ከልብስ ሰፊው እግር ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ ከጠረጴዛው ሥር ያለው ትልቅ መንኮራኩር ይዞራል፤ በላዩ የተጠመጠመው የቆዳ ጠፍር ዙረቱን ከመኪናው ጎን ላለችው ትንሽ መዘውር ያደርሳል። ትልቁ አንዴ ሲዞር ትንሿ ደጋግማ ስለምትዞር፣ በዝግታ የሚረግጥ እግር መርፌውን በፍጥነት ያስኬደዋል። ሁለቱ እጆች ጨርቁን ለመምራት ነጻ ይሆናሉ። መብራት በሚጠፋበት ከተማም ሆነ ጭራሽ በሌለበት ገጠር ልብስ ሰፊዎች ይህን መኪና ያልጣሉት በእግር ጉልበት ስለሚሠራ ነው።

የስፌቱ ምሥጢር ያለው መርፌው ላይ ነው። የእጅ መርፌ የተበሳው በጭራው በኩል ሲሆን የመኪናው መርፌ ግን ከጫፉ አጠገብ ነው። መርፌው ጨርቁን በስቶ ከወረደ በኋላ ጥቂት ከፍ ሲል ክሩ ላላ ብሎ ቀለበት ይሠራል። ከሥር ያለው መወርወሪያ የታችኛውን ክር ይዞ በዚያች ቀለበት ውስጥ ያልፋል። የላይኛው ክር መልሶ ሲሳብ ሁለቱ በጨርቁ ውፍረት መካከል ይቆላለፋሉ፤ ስፌቱ ከላይም ከታችም አንድ ዓይነት መልክ የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ዘዴ የፈጠረው አይዛክ ሲንጀር አይደለም። ኤልያስ ሃው የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1846 ሁለት ክሮች በሚቆላለፉበት በዚህ ስፌት የፈጠራ መብት አግኝቶ ነበር። ሲንጀር በ1851 መብት ያወጣበት መኪና ግን መርፌው ቀጥ ብሎ የሚወጣና የሚወርድ፣ ጨርቁም በጠፍጣፋ ገበታ ላይ የሚሄድ ነበርና ለሥራ እጅግ የተመቸ ሆነ። ሃው ከስሶ ቢረታውም ገበያው የሲንጀር ሆነ። ለዚህ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ሸሪኩ ኤድዋርድ ክላርክ ነው፤ በ1856 መኪናውን በየወሩ እየተከፈለ እንዲሸጥ በማድረጉ ባንድ ጊዜ ዋጋውን ሊሞላ የማይችል ቤተሰብ ሁሉ ባለ መኪና ሊሆን ቻለ። በ1880ዎቹ በስኮትላንድ ክላይድባንክ የተከፈተው ግዙፍ ፋብሪካ እስከ 1980 ሠርቷል፤ በአካባቢው ያለው የባቡር ጣቢያ ዛሬም ሲንጀር ይባላል።

መኪናው ከፋብሪካ ወጥቶ የሚገባው ወደ ሰው ሳሎን ነበር፤ ስለዚህ ማማር ነበረበት። ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰው ብረት ጥቁር ቀለም ይቀባና በእቶን ይጋገር፣ ከዚያ ወርቃማ ጌጥ ይለጠፍበት፣ በመጨረሻ ጌጡን የሚጠብቅ ብርሃን የሚያሳልፍ ቫርኒሽ ይደረብበት ነበር። በአንዳንዶቹ ላይ የግብፅ ስፊንክስ ይታያል። እግሩም ቢሆን ተራ ማቆሚያ አይደለም፤ ሐረግ የሚመስል የብረት ጥልፍልፍ ሲሆን መካከሉ ላይ የድርጅቱ ስም ተቀርጾበታል። ብዙ በተሰፋበት መኪና ላይ፣ ጨርቅና እጅ ሲታሹበት በኖሩት የገበታው ጠርዝ፣ ወርቁ ተፍቆ ጥቁሩ ብቻ ቀርቷል። ይህን በአዲስ ቀለም መሸፈን ስህተት ነው፤ የመኪናው የሥራ ታሪክ የተጻፈው እዚያው ላይ ነውና። በአልኮል መወልወልም የተከለከለ ነው፤ ቫርኒሹን አሟሙቶ ጌጡን ያነሳዋል።

ረጅም ዕድሜው ግን የሚመጣው ከጌጡ ሳይሆን ከውስጡ ነው። ዘንጉና ማርሹ ብረት ነው። ዘይት የሚንጠባጠብባቸው ትናንሽ ቀዳዳዎች ከላይ ስለሚታዩ ባለቤቱ ራሱ ሊያጠጣው ይችላል፤ ብዙው ክፍል በጠመንጃ መፍቻ ብቻ ይፈታል። ዓመታት ቆሞ የደረቀ መኪና እንኳ ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ጽዳት፣ የስፌት መኪና ዘይትና አዲስ ጠፍር ነው። ከ1960ዎቹ ወዲህ በአንዳንድ ሞዴሎች የገቡት የፕላስቲክ ማርሾች ግን በዕድሜ ብዛት ይሰነጠቃሉ።

አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው መዘውሩ ሳይይዝ መዞሩን፣ መወርወሪያውም አብሮ መኖሩን ማየት አለበት። በመለዋወጫ በኩል ከሁሉ የማያሳስበው ሞዴል 15 የተባለው የሲንጀር መኪና ነው። የጃፓንና የቻይና ፋብሪካዎች ይህን ሞዴል በብዛት ስለቀዱት፣ የታችኛው ክር የሚጠነጠንባት ትንሽ ማጠንጠኛ ለብዙ አዳዲስ መኪናዎች መለኪያ ሆናለች፤ መርፌውም ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው ተራ የቤት ስፌት መኪና መርፌ ነው።