የደሃና አፈርና የተከዜ ዓሣ

«ደሃናን ከባሕር ጋር ምን አገናኘው?» ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። አገራችን ተራራና ገደል የበዛባት ናት፤ ብዙዎቻችን ባሕርን የምናውቀው በካርታ ላይ ነው። ነገር ግን በሐምሌ ወር በአምደወርቅ ዙሪያ የሚዘንበውን ዝናብ ተከትለን ብንጓዝ ከባሕር እንደርሳለን። የየሸለቆው ጅረት ወደ ተከዜ ይወርዳል፤ ተከዜም ሱዳን ገብቶ ከአትባራ ወንዝ ጋር ይገናኛል፤ አትባራም ከዓባይ ጋር ተቀላቅሎ፥ ግብፅን አቋርጦ ከሜዲትራንያን ባሕር ይገባል።

በዚህ መንገድ የሚጓዘው ውሃ ብቻ አይደለም። ከኢትዮጵያ ደጋ እየታጠበ የሚወርደው አፈር ለሕይወት የሚያስፈልግ ምግብ በውስጡ ይዟል። ይህም ምግብ በግብፅ ጠረፍ በዓይን የማይታዩትን የባሕር ዕፅዋት ያፋፋ ነበር፤ በእነርሱም ሰርዲን የሚባለው ዓሣ ይበዛ ነበር። በ1964 እ.ኤ.አ. የአስዋን ታላቅ ግድብ የክረምቱን ጎርፍ መያዝ ሲጀምር፥ በ1962 እ.ኤ.አ. 18 ሺህ ቶን ያህል የነበረው የሰርዲን ምርት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ1 ሺህ ቶን በታች ወረደ። ምርቱም ያገገመው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። እንግዲህ ደጋና ባሕር የቱን ያህል ቢራራቁ፥ በአንዱ የሚሆነው በሌላው ላይ እንደሚታይ ከዚህ እንረዳለን።

«ዓባይ ማደሪያ የለው፥ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባላል። ተከዜ ግን ዛሬ ማደሪያ አግኝቷል። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የተከዜ ግድብ 188 ሜትር ቁመት አለው፤ ከበስተኋላውም ትልቅ ሐይቅ ተኝቷል። ወንዙ ከሐይቁ ሲደርስ ፍጥነቱን ያጣል፤ ስለዚህ የተሸከመውን አፈር እዚያው ያራግፋል። ከማሳችን የተወሰደው አፈር ለእኛ አይመለስም፤ ሐይቁንም ቀስ በቀስ ይሞላዋል። አንዱ ጎርፍ ገበሬውንም፥ የመብራቱን ኀይልም፥ ዓሣ አስጋሪውንም ይጎዳል ማለት ነው።

ሐይቁ ከተፈጠረ ወዲህ በዋግ ኽምራ ቆላ የሚኖሩ ወጣቶች ቀረሶ፥ አምባዛና ነጭ ዓሣ እያሰገሩ መተዳደር ጀምረዋል። ዝናብ በሚያጥርበት አገር ይህ ቀላል ጸጋ አይደለም። ነገር ግን ዓሣም እንደ ከብት ጠባቂ ይሻል። ውሃው እጅግ ሲደፈርስ የፀሐይ ብርሃን ወደ ውስጥ አይገባም፤ ብርሃን ከሌለ ዓሣው የሚመገባቸው ጥቃቅን ዕፅዋት አያድጉም። ጭቃውም የዓሣውን መተንፈሻ ስንጥብ ያውካል፤ ከታች የተጣለውንም ዕንቁላል ይሸፍነዋል።

የቀረሶን ጠባይ እንመልከት። እናቲቱ ዕንቁላልዋን የምታቅፈው በአፍዋ ውስጥ ነው፤ ጫጩቶቹም ከተፈለፈሉ በኋላ አደጋ ሲመጣ ወደ እናታቸው አፍ ሸሽተው ይገባሉ። ስለዚህ በዚህ ጊዜ አንዲት እናት ማጥመድ መንጋዋን ሁሉ ማጥፋት ነው። የመረብ ዓይን መጥበብም ሌላው ጥፋት ነው፤ አንድ ጊዜ እንኳ ያልወለደውን ዓሣ ጠርጎ ያወጣልና። በአንዳንድ አገር ደግሞ የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ወደ ውሃ ይጨምራሉ። መርዙ ዓሣው አየር እንዳይጠቀም ስለሚያደርገው ትልቁም ትንሹም ባንድነት ያልቃል።

ይህ ከንቱ ማስፈራሪያ እንዳይመስል ጣናን ማየት ይበቃል። የጣና ነጭ ዓሣ ብዙ ዓይነት ሲሆን፥ አብዛኛው በዓለም ላይ ከጣና በቀር አይገኝም። ብዙዎቹ ዓይነቶች በክረምት ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዞች ለመውለድ ሲወጡ መረብ ከአፋፉ ጠበቃቸው። ከ1991 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ብዛታቸው በሦስት አራተኛ ያህል ቀነሰ።

ታዲያ ከእኛ ምን ይጠበቃል? አንዱ መንገድ ወላጆች የሚገኙበት የሳይንስ ምሽት በትምህርት ቤት ማዘጋጀት ነው። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ሁለት ሣጥን አፈር አጋድመን፥ በአንደኛው ላይ ሣር ተክለን ሁለተኛውን ራቁቱን ትተን፥ እኩል ውሃ እናፍስስባቸው፤ ከየሣጥኑ ሥር የሚጠራቀመውን ውሃ በብርጭቆ ቀድተን ለሁሉ እናሳይ። ከብርጭቆዎቹም በስተጀርባ ባትሪ ብናበራ ብርሃኑ በየትኛው እንደሚያልፍና በየትኛው እንደሚጠፋ ይታያል። ከዚህ ቀጥሎ ዓይኑ ሰፊና ዓይኑ ጠባብ የሆነ መረብ ጎን ለጎን ይሰቀል። ማብራሪያው በአማርኛም በኽምጣናም ይሁን፤ ሽማግሌዎችም በልጅነታቸው የትኛው ምንጭ በጋውን ሙሉ ይፈስ እንደ ነበረ ይንገሩን። የእነርሱ ትዝታ በመጽሐፍ የማናገኘው ትምህርት ነው።

የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፥ ውድ ጓደኞቻችን! በጥርና በየካቲት እርከን ለመሥራት ድንጋይ ስንሸከም፥ ሥራው ለማሳው ብቻ እንዳይመስለን። ከተራራችን ላይ የቆመ እርከን ከሐይቁ ውስጥ ላለው ዓሣ አጥር ነው። ዓሣውን አጥማጁ ይጠብቀው፤ አፈሩን ግን እኛ ከላይ ያለነው እንያዝለት።