ከጊደር መጋላ ጫጫታ ውስጥ አንድ ድምፅ መለየት

ሐረር ጁገል ውስጥ፣ ጊደር መጋላ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ስሙ በሐረሪ ቋንቋ «ትልቁ ገበያ» ማለት ነው። አንዷ በኦሮምኛ ዋጋ ትጠራለች፣ ሌላው በሐረሪ ይከራከራል፣ ከወዲያ ደግሞ አማርኛና ሶማሊኛ ይሰማል። እስቲ ገበያው መሃል ማይክሮፎን ተክላችሁ አንድ ሰዓት ቅዱ። ከዚያ ቅጂውን ብቻ ሰምታችሁ «ቅመም ሻጯ ስንት ጊዜ ተናገረች?» ብትባሉ ምን ታደርጋላችሁ?

የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚያጠኑ ተመራማሪዎችም ችግራቸው ይኸው ነው።

ምልክቷ ምን ያህል ትንሽ ናት?

የነርቭ ሕዋስ መልእክት ሲያስተላልፍ አንድ ሺህኛ ሰከንድ ያህል የምትቆይ የኤሌክትሪክ ምት ይፈጥራል፤ «ስፓይክ» ትባላለች። ከሕዋሱ ውጪ በተቀመጠ ቀጭን ኤሌክትሮድ ስትለካ 100 ማይክሮቮልት ብትሆን ነው። የባትሪ ድንጋይ 1.5 ቮልት ስለሆነ ስፓይኳ ከእሱ 15,000 ጊዜ ታንሳለች ማለት ነው።

መረጃው ግን ትንሽ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነውና በብዛት በአይጦች ላይ የሚሠራበት ኒውሮፒክስልስ የተባለው መሣሪያ በ384 መስመሮች በአንድ ጊዜ ይቀዳል፤ እያንዳንዱ መስመር በሰከንድ 30,000 ጊዜ ይለካል። አስሉት፦ እያንዳንዱ ልኬት 2 ባይት ቢይዝ በአንድ ሰዓት ወደ 83 ጊጋባይት ይሞላል። ይህን በዓይን አይቶ መለየት አይታሰብም።

ሶፍትዌሩ ምን ይሠራል?

መጀመሪያ ያጣራል። የመብራት መስመራችን 50 ኸርዝ ነው፤ ሽቦው ሁሉ ያንን እዝዝታ ይለቅማል። ስፓይኮች ደግሞ ከ300 ኸርዝ በላይ ስለሚገኙ ዝቅተኛው ድምፅ ይቆረጣል። ቀጥሎ በሁሉም መስመር ላይ እኩል የሚሰማው ረብሻ ይቀነሳል። ከዚያ ከቀረው ጫጫታ ጎላ ብለው የወጡት ምቶች ይለቀማሉ። በመጨረሻም በቅርጻቸውና በየትኛው ኤሌክትሮድ አጠገብ እንደጎሉ ታይቶ «ይህች የእገሌ ሕዋስ፣ ያቺ የሌላው» ተብለው ይመደባሉ። ቅመም ሻጯን በድምፅዋና በቆመችበት ቦታ እንደመለየት ነው።

ታዲያ የት ላይ ነው ክርክሩ?

ይህን ምደባ የሚሠሩ አልጎሪዝሞች ብዙ ናቸው። ፋይሎቹም እንደ መሣሪያው አምራች ይለያያሉ፤ የአንዱን ፋይል የሌላው ፕሮግራም አይከፍተውም። እኔ ራሴ የአንድ ፕሮግራም ፈቃድ ጊዜው ስላለፈ ብቻ ሳምንታት የለፋሁበትን ቅጂ መክፈት አቅቶኝ ያውቃል።

ስፓይክኢንተርፌስ የተባለው ነፃና ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር የመጣው እዚህ ላይ ነው። የተጻፈው በፓይተን ነው። ኒዮ በተባለ ሌላ ክፍት ሶፍትዌር እየታገዘ የተለያዩ አምራቾችን ፋይል ያነባል፤ ከዚያ በአንድ ዓይነት ትእዛዝ ብዙ አልጎሪዝሞችን ያስኬዳል። የጊደር መጋላን ቋንቋዎች ሁሉ የሚያውቅ አስተርጓሚ በሉት።

እ.ኤ.አ. በ2020 አዘጋጆቹ አንዱን ቅጂ ለስድስት አልጎሪዝሞች ሰጡ። ውጤቱ አስደንጋጭ ነበር፦ ስድስቱ የተስማሙባቸው ሕዋሳት ጥቂት ነበሩ። መልሱ አስቀድሞ በሚታወቅ ሰው ሠራሽ ቅጂ ሲፈትኑ ደግሞ፣ ብዙዎቹ ያገኟቸው ሕዋሳት በአብዛኛው እውነተኛ ሆኑ፤ አንዱ ብቻ «አገኘሁ» ያላቸው ግን በአብዛኛው የሌሉ ነበሩ።

ይህ ቀልድ አይደለም። «አንጎል እንዲህ ያስባል» የሚል መደምደሚያ በሌለ ሕዋስ ላይ ሊቆም ይችላል ማለት ነው። ኮዱ ዝግ ቢሆን ኖሮ ስህተቱን ማን ያየው ነበር? ክፍት ሲሆን ግን ማንም ገብቶ እያንዳንዱን መስመር ያነባል፣ ይፈትሻል፣ ያርማል።

እናንተስ?

ውድ መሣሪያ አያስፈልጋችሁም። ስፓይክኢንተርፌስ ራሱ ሰው ሠራሽ ቅጂ ይፈጥራል፤ ስለዚህ አንዴ ከጫናችሁት በኋላ ኢንተርኔት ቢጠፋም መሥራት ትችላላችሁ። ፓይተን ትንሽ ተለማመዱ፤ አስር ሕዋሳት ያሉት አጭር ቅጂ ፍጠሩ፤ ለሁለት አልጎሪዝሞች ስጡትና መልሳቸውን ከእውነቱ ጋር አወዳድሩ። ከዚያ ጫጫታውን ጨምሩና ድገሙት። የትኛው ቀድሞ እንደሚሳሳት በራሳችሁ ላፕቶፕ ታዩታላችሁ።