በሙቀት ወራት ቤትንም ድመትንም የሚጠቅም ቬንትሌተር እንዴት ይመረጣል?

ከየካቲት መገባደጃ እስከ ግንቦት ድረስ በመተማ፣ በቋራ፣ በሁመራና በሌሎች ቆላማ አካባቢዎች ሙቀቱ ይበረታል፤ ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚያልፍባቸው ቀናትም አሉ። በዚህ ወቅት መብራት ባለበት ቤት ሁሉ ቬንትሌተር ተፈላጊ ይሆናል። ሰሊጥና ማሽላ ከተከማቸበት ክፍል አይጥ የምታርቀው ድመትም ሙቀቱን ከቤተሰቡ ጋር ትጋራለች። ይሁን እንጂ ሰውን የሚያሳርፈው ነፋስ ድመቷን በዚያው ልክ አያሳርፋትም። ምክንያቱን መረዳት ገንዘብንም የእንስሳዋንም ሕይወት ያድናል።

ቬንትሌተር እንዴት ያቀዘቅዛል?

ቬንትሌተር አየሩን ያንቀሳቅሳል እንጂ አያቀዘቅዘውም። ሰው ቅዝቃዜ የሚሰማው ነፋሱ በቆዳው ላይ ያለውን ላብ ስለሚያተነው ነው፤ ላቡ ሲተን ከሰውነት ሙቀት ይወስዳል። ስለዚህ መስኮቱ በተዘጋና ሰው በሌለበት ክፍል ቬንትሌተር ማሽከርከር ኃይል ማባከን ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ቬንትሌተር ሰውነትን መልሶ ስለሚያሞቅ እንዳይጠቀሙበት ይመክራል።

ድመት ግን እንደ ሰው በመላ ሰውነቷ አታልብም። ላብ የሚወጣት በዋናነት ከመዳፎቿ ሥር ነው፤ ከዚህ ውጭ የምትቀዘቅዘው ጸጉሯን በምራቋ እየላሰች ነው። በመሆኑም ደረቅ ነፋስ ብቻውን ብዙም አይረዳትም።

ሲገዛ ምን ይታይ?

የጣሪያ ቬንትሌተር ክፍሉን በሙሉ ያዳርሳል። ክንፎቹ ከወለሉ ቢያንስ 2.1 ሜትር ከፍ ማለት አለባቸው። ጆንያ ተደራርቦ በሚቀመጥበት ክፍል ግን ድመቷ ጆንያው ላይ ወጥታ ክንፉ ሊመታት ስለሚችል ከሥሩ ምንም አለመደርደር ይገባል።

የቁም ወይም የጠረጴዛ ቬንትሌተር የሚገዛ ሰው የመከለያውን ሽቦ ጥበት ይመልከት፤ የሕፃን ጣትም ሆነ የድመት መዳፍ ማስገባት የለበትም። መቆሚያው ሰፊና የማይወድቅ፣ ገመዱም ግድግዳ ተጠግቶ የሚታሰር ይሁን። ሱቅ ውስጥ አስከፍቶ ድምፁን ማድመጥም ተገቢ ነው፤ የሚያንቋቋ ቬንትሌተር እንቅልፍ ይነሳል፣ ድመቷንም ያሸሻታል።

ፍጆታን በተመለከተ፣ 60 ዋት የሆነ ቬንትሌተር ለ8 ሰዓት ቢሠራ ግማሽ ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይጠቀማል። የመብራት መስመር ባልደረሰበት ቀበሌ በ12 ቮልት ባትሪ የሚሠራውን ከፀሐይ ኃይል ጋር መጠቀም ይቻላል። በ220 ቮልት የሚሠራውን በቀጥታ ከባትሪ ጋር ማገናኘት ግን አይቻልም።

አቀማመጡም ይወስናል

የቆርቆሮ ቤት ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ማምሻውን ማውጣት ያሻል። ውጭው ከውስጡ ሲቀዘቅዝ ትይዩ መስኮቶችን መክፈትና ቬንትሌተሩን በአንደኛው መስኮት በኩል ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ ማስቀመጥ ይገባል። የሞቀው አየር በዚያ ሲወጣ ቀዝቃዛው በሌላኛው ይገባል። እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ፀሐይ የሚያርፍበትን መስኮት በመጋረጃ መሸፈን ይጠቅማል።

ለድመቷ

በተለያየ ቦታ ንጹሕ ውኃ፣ ጥላ ያለው ወለልና እርጥብ ጨርቅ ያስፈልጋታል። በቆርቆሮ መጋዘን ተቆልፎባት መዋል የለባትም። አፏን ከፍታ ካለከለከች፣ ምራቋ ከተዝረበረበ ወይም ከተንገዳገደች ሙቀቱ ጎድቷታል ማለት ነው። ጤናማ ድመት 38 እስከ 39 ዲግሪ ገደማ የሰውነት ሙቀት አላት፤ ከ40 በላይ ሲሆን አደጋ ነው።

በዚህ ጊዜ ወደ ጥላ ወስዶ ጸጉሯን በረዶ ባልሆነ ቀዝቃዛ ውኃ ማራስ፣ ከዚያም ቬንትሌተሩን ወደ እርሷ ማዞር ይገባል። ውኃው የጎደላትን ላብ ስለሚተካ ያን ጊዜ ነፋሱ በእርግጥ ያቀዘቅዛታል። ትንሽ ብትሻላትም እንኳ ሳይዘገይ በአቅራቢያው ወዳለ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ መውሰድ ያስፈልጋል።